«እባላለሁ»

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። አባባሉ ውብ ነው፤ ሆኖም አንድ ነገር ሳይናገር ያልፋል። መልአኩ ስሙን አውጥቶ ወደ መጣበት ሲመለስ፣ ስሙን ተሸክሞ የሚቀረው ሰውየው ነው። በየደጁ «ማን ልበል?» ሲባል፣ በየጽሕፈት ቤቱ «ሙሉ ስም ከነአያት» ሲባል መልስ የሚሰጠውም እሱው ነው። ለመሆኑ ሰው ስሙን ሲናገር ምን ማድረጉ ነው? የራሱን ንብረት ማሳየቱ ነው? ወይስ ሌሎች ሳያማክሩት ያስቀመጡበትን አደራ ማስታወቁ? ከስሙ ጋር አብሮ የመጣ ዕዳ ቢኖርስ መክፈል ይገባዋልን?

ቤታችን ሳለን ይህ ጥያቄ አይታየንም። ስማችንን በቋንቋችን ስንናገር ምላሳችን ስለለመደው እንደ ትንፋሽ ያልፋል። ጥያቄው ገሃድ የሚወጣው ሰው ስሙን በሰው ቋንቋ ለመናገር አፉን በሚያሟሽበት ቀን ነው። ስለዚህ ለዛሬ የአንድ ባዕድ ቋንቋ መማሪያ መጽሐፍን የመጀመሪያ ገጽ እንግለጥ። ቱርክኛ ይሁንልን።

ቱርክኛ ለጆሯችን ጨርሶ እንግዳ አይደለም። ቱርክ በአዲስ አበባ ኤምባሲዋን የከፈተችው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። በጎጃም ሽማግሌዎች አፍ የኖረው «ባሻ» የሚለው ማዕረግ እንኳ መነሻው ከቱርኮች ነው ይባላል። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቃና ቴሌቪዥን ደግሞ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ እያስነገረ በየሳሎኑ ሲያስገባ፣ ኢስታንቡልን በካርታ ላይ አይቶ የማያውቅ ሰው ሁሉ የቱርኮችን ስም አጥርቶ መጥራት ቻለ። የቱርክ መንግሥት በሚሰጠው የትምህርት ዕድል የሚሄዱ ወጣቶችም አሉ፤ እነሱ ወደ ዋናው ትምህርታቸው ከመግባታቸው በፊት ቋንቋውን ይማራሉ።

እንግዲህ ከእነዚህ መካከል አንድ የዱርቤቴ ልጅ እናስብ። ዱርቤቴ ከባሕር ዳር ተነሥቶ በመራዊ አድርጎ ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደቡብ አቸፈር ከተማ ናት። ልጁን ደመላሽ ቢተው እንበለው። በሐሳብ የፈጠርነው ልጅ ስለሆነ አይቀየመንም፤ ስሞቹ ግን በዚያ አገር የተለመዱ ናቸው። ደመላሽ አንካራ ደርሶ የመጀመሪያው ቀን ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። መምህሯ ስሟን ተናግራ ወደ እሱ ዞረች። «አድንዝ ኔ?» አለችው። ስምዎ ማን ነው? ማለቷ ነው። መልሱ ሰሌዳው ላይ ተጽፏል፤ «ቤኒም አድም...» ይላል። ከእሱ የሚጠበቀው ከነጥቦቹ በኋላ ስሙን መሙላት ብቻ ነው።

«አድ» ማለት ስም ነው። «አድም» ስሜ ማለት ነው። «ቤኒም» ደግሞ የእኔ። ዓረፍተ ነገሩ ቃል በቃል ሲመለስ «የእኔ ስሜ ደመላሽ» ይሆናል። የእኔነቱ ሁለት ጊዜ ተነገረ፤ አንድ ጊዜ በተውላጠ ስሙ፣ አንድ ጊዜ በስሙ ጅራት ላይ። «ነው» የሚል ማሰሪያ እንኳ የለውም። ሰውየውና ስሙ መካከላቸው ምንም ሳይገባ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

አሁን ወደ አማርኛችን እንመለስ። «ስሜ ደመላሽ ነው» ማለት እንችላለን፤ እንላለንም። ነገር ግን በእንግዳ ፊት ራሱን የሚያስተዋውቅ ጨዋ ሰው አብዛኛውን ጊዜ «ደመላሽ እባላለሁ» ነው የሚለው። አንባቢ ሆይ፣ ግሡን ልብ ይበሉልኝ። ተገብሮ ነው። ባዩ እኔ አይደለሁም፤ ሌሎች ናቸው። እኔ የምባል ነኝ እንጂ የምል አይደለሁም። ጠያቂውም ቢሆን «ማን ልበል?» ሲል ለመጥራት ፈቃድ መጠየቁ ነው። ስሙን የሚገለገሉበት ጠሪዎቹ ናቸው። እውነቱንም ለመናገር ሰው ብቻውን ሲሆን ስም አያስፈልገውም፤ ራሱን ጠርቶ አቤት የሚል የለምና።

ከዚህ ተነሥቶ ቱርክ ስሙን የግል ሀብቱ ያደርጋል፣ ሐበሻ ግን የወል ያደርገዋል ብሎ መደምደም ችኩልነት ነው። ቱርኮችም «ባና ደመላሽ ዴርሌር» ማለት ይችላሉ፤ «ደመላሽ ይሉኛል» ማለት ነው። ለስም ካላቸው ሁለት ቃላት አንዱ «ኢሲም» ሲሆን፣ ከዐረብኛ የተወሰደ፣ የእኛው «ስም» የሩቅ ዘመድ ነው። ሁለቱም ቋንቋዎች ሁለቱንም በሮች ያውቃሉ። ጀማሪው ተማሪ ግን በአንዱ በር ብቻ እንዲገባ ይደረጋል። «የእኔ» በል ይባላል። ደመላሽም በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከስሙ ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ይህ ነገር በእርግጥ የእኔ ነውን?

ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ደመላሽ ማለት ደም መላሽ ነው። ከመወለዱ በፊት ከወገኑ አንድ ሰው ተገድሎ ይሆናል፤ ወንድ ልጅ ሲወለድ ቤተሰቡ ያልተፈጸመውን በቀል ስሙ ላይ ጻፈው። ልጁ ጡት ሳይጥል ባለዕዳ ሆነ። እንዲህ ያሉ ስሞች በጎጃም ገጠርም በሌላውም አገር ሞልተዋል። ካሳ የጠፋ ነገር ካሳ ነው። ምትኩ የሞተ ልጅ ምትክ ነው። ማስረሻ ሐዘን እንዲያስረሳ የተላከ ነው። የአባቱ ስም ቢተውም «እግዜር ቢተውልኝ» የሚል የወላጅ ልመና ነው፤ ከእሱ በፊት የተቀበሩ ሕፃናት መኖራቸውን ይጠቁማል። እነዚህ ስሞች እያንዳንዳቸው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚናገረው ግን ወላጅ ነው፤ ልጁ የሚወራለት ብቻ ነው።

መምህሯ የስሙን ትርጉም ብትሰማ አትደነግጥም ነበር። እነሱም ዘንድ ዱርሱን የሚባል ስም አለ፤ «ይቆይ» ማለት ሲሆን ልጅ እየሞተበት የተቸገረ ወላጅ ያወጣዋል። ያሻር አለ፤ «ይኖራል» ማለት ነው። የቢተው ወንድሞች ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን የቴር ነው። «ይበቃል» ማለት ሲሆን፣ ሴት ልጅ ሲደጋገምባቸው ለመጨረሻዋ የሚያወጡላት ስም ነው። ይህች ልጅ በዕድሜዋ ሙሉ ራሷን ስታስተዋውቅ «የእኔ ስሜ ይበቃል» እያለች ትኖራለች። ያልተፈለገችበትን ቀን በገዛ አፏ ታውጃለች።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያለው በዛብህ የዚህ ዐይነት ዕዳ ምን እንደሚያደርግ አሳይቶናል። ወላጆቹ ልጁ እንዲተርፍላቸው ሲሉ ለቤተ ክርስቲያን ተስለው ሰጡት፤ ተሳዮቹ እነሱ፣ ከፋዩ እሱ ሆነ። ወላጅ በፍቅርና በጭንቅ የገባው ቃል ልጁን ያስራልን? ጎጃሜው ደራሲ ጥያቄውን በስለት በኩል አነሡት፤ እኛ በስም በኩል ብናነሣው ያው ጥያቄ ነው።

ወደ ክፍሉ እንመለስ። ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። «ሶይአድንዝ?» የቤተሰብ ስምዎስ? ደመላሽ እዚህ ላይ ይደናቀፋል። የአባቱን ስም ይናገር? የአያቱን? ፎርም ላይ ያለውን ባዶ ቦታ አንዱ ኢትዮጵያዊ በአባቱ ስም ይሞላዋል፣ ሌላው በአያቱ። ከዚያ በኋላ ደመላሽ በየቢሮው «አቶ ቢተው» እየተባለ ይጠራል። አባቱ ዱርቤቴ ከብት ሲያግድ፣ አንካራ ውስጥ በስሙ አቤት የሚለው ልጁ ነው። ባል፣ ሚስትና ልጅ ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ድንበር ላይ ሲቆሙም የፓስፖርት ሹሙ እነዚህ በእርግጥ ቤተሰብ ናቸውን? ብሎ ይጠራጠራል።

የሚገርመው ግን ቱርኮቹም ራሳቸው እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንደ እኛው ነበሩ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሌ ከእገሌ መንደር፣ እገሌ ቀጥቃጩ እየተባሉ ይኖሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የቤተሰብ ስም ሕግ እያንዳንዱ ቤተሰብ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ስም መርጦ እንዲያስመዘግብ አዘዘ። ያልመረጠ ሹሙ ይመርጥለት ነበር። በዚያው ዓመት ሙስጠፋ ከማል በልዩ ሕግ «አታቱርክ» ተባለ፤ የቱርኮች አባት እንደማለት ነው፣ ሌላ ሰው እንዳይጠራበትም ተከለከለ። ኢስሜት ፓሻ ጦር ባሸነፉበት ቦታ ስም ኢነኑ ተባሉ። ወዲያው ፓሻ፣ ቤይ፣ ኤፈንዲ የሚሉ ማዕረጎች በሕግ ተሻሩ። የጎጃሙ «ባሻ» በሙሉ ክብሩ እየተጠራ ሳለ የቱርኩ «ፓሻ» ቀረ ማለት ነው። ሕጉ ለሁሉም እኩል አልቀለለም። የጎሣና የባዕድ ሕዝብ ስሞች፣ እንደ አርመኖቹ «ያን» እና እንደ ግሪኮቹ «ፑሎስ» ያሉ መድረሻዎችም በአዲሶቹ ስሞች ላይ እንዳይገቡ ታገዱ።

እኛስ? ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ32ኛው አንቀጹ ማንኛውም ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። ሕጉን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ወረቀቱ እንዲህ አለ፤ ሕዝቡ ግን አንድም ቀን «የቤተሰብ ስሜ» ሳይል ቀረ። ሴቷም አግብታ የአባቷን ስም ይዛ ኖረች፣ ልጁም የአያቱን ስም ለፎርም ብቻ አወጣው።

የቱርኩ ሕግ በመዝገብ ላይ ድል አደረገ፤ አፍ ላይ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አልደረሰም። ቱርኮች ዛሬም አንድን አሕመድ በቤተሰብ ስሙ አይጠሩትም፤ «አሕመድ ቤይ» ይሉታል፣ ልክ እኛ «አቶ አሕመድ» እንደምንለው። የማያውቁትን ጎልማሳ «አቢ» ይሉታል፣ ታላቅ ወንድሜ እንደማለት፤ ጋሼ ነው። መምህሩንም «ሆጃም» ይሉታል፣ መምህሬ ማለት ነው። ይህን የሰማ የጎጃም ቆሎ ተማሪ «የኔታ»ን ያስታውሳል። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ተማሪ መምህሩን በስሙ አይጠራም፤ የኔ ጌታ ብሎ ያልፋል። የሰውን ስም አለመጥራትም ትልቅ ክብር የሚሆንበት ጊዜ አለ። መንግሥት ሰውን በምን ረድፍ እንደሚመዘግበው መጠየቅ ይችላል፤ ቀረጥም ፍርድም ያለ መዝገብ አይሆንም። ማን እንደሆነ ግን ሊወስንለት አይገባም። እሱን የሚያውቁት የሚጠሩት ሰዎች ናቸው።

የሚጠሩት ሰዎች ስንል ግን የሰሚውም ግዴታ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ስለ ተናጋሪው ብቻ እናስባለን፤ ስም ግን በትክክል ካልተሰማ እንዳልተነገረ ነው። ቱርክኛ የእኛን ጠ፣ ጨ እና ቀ አያውቅም። ጥላሁን ቲላሁን፣ ጫኔ ቻኔ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1928 በተቀበሉት የላቲን ፊደል ደግሞ እንግሊዞች «ሲ» የሚሏት ፊደል የምትነበበው «ጀ» ተብላ ነው፤ «ደብልዩ» የምትባለውም ጨርሳ የለችም። ጌታቸው የሚባል ሰው በእንግሊዝኛ አጻጻፍ የተሞላ ፓስፖርቱን ሲያቀርብ ስሙ በቱርኩ አፍ ምን እንደሚደርስበት መገመት ነው። ይህ የምላስ ጉዳይ ነው፤ ይቅር ይባላል። ይቅር የማይባለው ምላስ አልችል ያለውን ሥልጣን ሲከለክለው ነው። በዚያው በቱርክ በፊደላቸው ውስጥ የሌሉ ሦስት ፊደላት ያሉባቸውን ስሞች ኩርዶች በፈለጉት መንገድ ማስመዝገብ አይችሉም ነበር። በፊደላቱ መጠቀም የሚያስከትለው ቅጣት የተነሣው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

በሰው ላይ መፍረድ ቀላል ነው። በእኛም ትምህርት ቤቶች ስሙ ከአስተማሪው አፍ አልገባ ብሎ ሌላ ስም ተሰጥቶት ዕድሜ ልኩን በዚያ የኖረ የኦሮሞ፣ የአገው፣ የደቡብ ልጅ ጥቂት አይደለም። ዱርቤቴ ራሷ ለአገው ምድር ጎረቤት ናት፤ ነገሩ ሩቅ አይደለም። ልጁ «እባላለሁ» ብሎ አፉን ሲከፍት «አይ፣ እንዲህ ትባላለህ» ተባለ። በዚህ ጊዜ ያ ውብ ተገብሮ ግስ ወደ ግፍ ተለወጠ።

የኦነሲሞስ ነሲብ ታሪክ እዚህ ላይ ይነሣል። በልጅነቱ ለባርነት ተሽጦ ምፅዋ ላይ ነፃ የወጣው ኦሮሞ እ.ኤ.አ. በ1870 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነበር። ሂካ በኦሮምኛ ተርጓሚ ማለት ነው። ይህ ሰው አድጎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ እ.ኤ.አ. በ1899 ታተመ። በአዲሱ ስሙ እየተጠራ የቀድሞ ስሙን ሥራ ሠራ። ስም ካንደበት ሲጠፋ ከሰውየው ላይጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አላውቅም።

የአገራችን ሰው ይህን ቀድሞ የተረዳ ይመስላል፤ አንድ ስም ደብቆ ያኖራልና። የጎጃም ክርስቲያን ልጅ ወንድ ከሆነ በአርባ፣ ሴት ከሆነች በሰማንያ ቀኗ ስትጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣል። ይህ ስም ለቅዱስ ቁርባን፣ ለጸሎትና በመጨረሻም ለፍትሐት ነው። ለእንግዳ አይነገርም፤ መተተኛ እንዳይሠራበት ይፈራል። ፍርሃቱን እንተወውና ጥበቡን እንያዝ። በቅኔ ቤት ቋንቋ የዓለም ስሙ ሰሙ ነው፣ የክርስትና ስሙ ወርቁ። ደመላሽ በአንካራ ክፍል ውስጥ «ቤኒም አድም» ብሎ የሚናገረው ስም ሁሉን እንዳልሆነ ያውቃል። አንድ ሰው ራሱን ሙሉ በሙሉ ማስተዋወቅ አይችልም፤ አይጠበቅበትምም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጥያቄ። ደመላሽ ደም መመለስ አለበትን? የደም ጉዳይ በአገራችን ገጠር ተረት አይደለም፤ ትውልድ ተሻግሮ ሰው የሚበላ እሳት ነው። ስሙ በቡና ላይ፣ በለቅሶ ላይ፣ በጠላ ቤት በተጠራ ቁጥር «መቼ ነው?» የሚል ድምፅ አብሮ ይሰማል። «ስምህ ይህ ሆኖ ዝም አልክ?» የሚለው ነቀፋ ከጥይት ይልቅ ያቆስላል።

አንዱ መንገድ ስሙን መለወጥ ነው። ነገሥታቱም አድርገውታል፤ ራስ አዳል ተሰማ በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ ሲሆኑ ተክለ ሃይማኖት ተባሉ፣ ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. የክርስትና ስማቸውን ይዘው ነገሡ። እነሱ ግን ስማቸውን የለወጡት ከፍ ሊሉ ነው። ደመላሽ ስሙን ቢለውጥ የተገደለውን ዘመዱን ሐዘን መካዱ እንዳይሆን ይፈራል። ያ ሐዘን እውነተኛ ነው፤ ያወጣው ሰው አልቅሶ ነው ያወጣው።

ሌላው መንገድ እንደ ስም መኖር ነው። በላይ ዘለቀ በአርበኝነቱ ዘመን ማዕረግ ይኑርህ ሲሉት «እናቴ በላይ ብላኛለች» እንዳለ ይነገራል። ደስ የሚል መልስ ነው። ነገር ግን «በላይ» ተስፋ ነው፣ «ደመላሽ» ትእዛዝ ነው። ተስፋን መፈጸም ማንንም አይገድልም። ቃል የሚያስረው ቃሉን የገባውን ሰው ነው፤ ሌላው በልጁ ስም የገባው ቃል ልጁን አያስርም። ስለዚህ እኔ የምለው ይህን ነው። ስሙን መሸከም ግዴታው ነው፤ ስሙ ያዘዘውን መፈጸም ግን ግዴታው አይደለም።

ይህንንም እንዲያደርግ የሚያስችለው ያው የራሱ ቋንቋ ነው። «ደመላሽ እባላለሁ» ሲል «ደመላሽ ነኝ» አላለም። በሚባለውና በሚሆነው መካከል ቋንቋው አንድ ክፍት ቦታ ትቶለታል። ነፃነቱ ያለው እዚያ ቦታ ላይ ነው። ከቱርክኛው ደግሞ የሚማረው አለ። ሁለት ጊዜ «የእኔ» ማለትን ይማራል። ስሙን የሰጡት ሌሎች ቢሆኑም በዚያ ስም የሚሠራው ሥራ የእሱ ብቻ ነው፤ «አውጡልኝ ብዬ ነውን?» ብሎ ማምለጥ አይችልም። የእኛ አገር ሽማግሌዎች እርቅ አውርደው ካሳ አስከፍለው ደም ማድረቅ ያውቁበታል። ደመላሽ የሚባል ሰው ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ደም ቢያደርቅ ስሙን አላዋረደም። አስከብሮታል።

ከተሞቻችንም ይህንኑ ይነግሩናል። ዱርቤቴን እንደ ተጻፈ ብናነበው «ዱር ቤቴ» ነው፤ ደም የመለሰ ሰው ሸፍቶ የሚናገረው ቃል። ከተማዪቱ ግን ዛሬ የገበያ፣ የትምህርት ቤትና የጎረቤት አገር ናት። ስሟ ዱር ቢሆንም ቤት ሆናለች። ከዚያ ወደ ደቡብ ያለችው ፍኖተ ሰላም ደግሞ የሰላም መንገድ ተብላ፣ የቅርብ ዓመታት ጦርነት አላለፋትም። ስም ዕጣ ፈንታ አይደለም፤ ለክፉም ለበጎም አያስገድድም። ለሰሚው የቀረበ ጥያቄ ነው እንጂ።

በጎጃም ስማቸው የሚባል ስም አለ። የእነሱ ስም ብለን እናነበዋለን፤ አድምጣቸው ብለንም ማንበብ እንችላለን። ስምና መስማት ሥራቸው ይለያይ እንጂ ጆሮ ላይ ይገናኛሉ። ቱርኮች ስም ከተለዋወጡ በኋላ «መምኑን ኦልዱም» ይላሉ፤ ደስ ብሎኛል ማለት ነው። እኛም እንዲሁ እንላለን። አንድ ሰው የተሸከመውን አውጥቶ ሲነግረን፣ ከመደሰታችን በፊት በደንብ እንስማው።